የማያየውንም የሚናገር መሣሪያ



ውድ ተመራቂዎች፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእሳት አደጋ ሥራ ላይ ነው። ዛሬ በፊታችሁ እንድቆም የተጋበዝኩትም ከመካከላችሁ አንድ ቡድን የእሳት አደጋ ሠራተኛ በጭስ ውስጥ እንዲያይ የሚያግዝ ሄልሜት ስለሠራ ነው። ስለዚያ ሥራ ልናገር፤ ለሁላችሁም የሚሆን ቁም ነገር አለበትና።

ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው የሚያስፈራው ነበልባሉ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባውን ግን መጀመሪያ የሚፈትነው ጭሱ ነው። የእጅ ባትሪ ቢያበራ ብርሃኑ ጭሱ ላይ ተበትኖ ወደ ዓይኑ ይመለሳል። በጉልበቱ ይድሃል፤ አንድ እጁን ከግድግዳው አይለይም፤ የሚጎትተው የውሃ ቱቦ የመውጫ ምልክቱም ነው። ጀርባው ላይ ያዘለው አየር ደግሞ በየደቂቃው ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1999 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዉስተር ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ የቀዝቃዛ ማከማቻ መጋዘን ተቃጠለ። መጠለያ የሌላቸው ሰዎች ውስጥ ሳይኖሩ አይቀሩም ስለተባለ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሊፈልጓቸው ገቡ። ሕንፃው መስኮት አልነበረውም ለማለት ይቻላል፤ ውስጡም የተወሳሰበ ነበር። ሁለቱ በጭሱ ውስጥ መውጫው ጠፋባቸው፤ አየራቸው እያለቀ መሆኑን በሬዲዮ ተናገሩ። እነሱን ፍለጋ ከገቡት ባልደረቦቻቸው አራቱ እዚያው ቀሩ። ስድስት ሰው ሞተ። የተፈለጉት ሰዎች ግን ቀድመው ወጥተው ነበር። የዚያ ሌሊት ሐዘን የእሳት አደጋ ክፍሎች በጭስ ውስጥ የሚያይ ካሜራ እንዲይዙ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

የዚህ ካሜራ ዘር የተዘራው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ ቀለም ባሻገር ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ጨምሮ አገኘው። ዛሬ ኢንፍራሬድ የምንለው ጨረር እሱ ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ1 ማይክሮሜትር በታች ስለሆነ የጭስ ብናኝ በቀላሉ ይበትነዋል። በጭስ ውስጥ የሚያየው ቴርማል ካሜራ የሚቀበለው ጨረር ግን የሞገድ ርዝመቱ ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ ከአብዛኛው የጭስ ብናኝ ስለሚረዝም አልፎ ይመጣል። ጭስ በሞላው ክፍል የወደቀ ሰው በሙቀቱ ከወለሉ ተለይቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠዋት ኤግዚቢሽናችሁን ስጎበኝ ሄልሜቱን አየሁት። ግንባሩ ላይ የተገጠመው ሴንሰር 32 በ24፣ በድምሩ 768 ነጥብ ብቻ ያለው ነው። እጄን ስዘረጋ ትንሿ ስክሪን ላይ ጣቶቼ ደብዘዝ ብለው በቢጫ ወጡ። አደነቅሁ። ከቡድኑ አንዷ ተማሪ ታዲያ ሳልጠይቃት የመስኮት መስታወት ቁራጭ አንስታ በእጄና በሴንሰሩ መካከል ያዘችው። እጄ ከስክሪኑ ጠፋ። «ጋሼ፣ መስታወት ይህን ጨረር አያሳልፍም። ከመስታወት በር ጀርባ ሰው ቢኖር መሣሪያችን አያሳይም» አለችኝ። ሴንሰሩ ራሱ ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ቦታ እንደማይሠራ፣ ስለዚህም ለእውነተኛ እሳት ገና እንዳልደረሰ ጨመረችልኝ። ፖስተራቸው ላይም «የማይችለው» የሚል ርዕስ ሰጥተው በጉልህ ጽፈውታል።

ውድ ተመራቂዎች፣ ከዚያ ጽሑፍ የበለጠ ያስደሰተኝ ነገር የለም። ጭስ ውስጥ ያለ ሰው ስክሪኑን አምኖ እግሩን ያነሳል። ስክሪኑ ባዶ ነው ያለውን ክፍል ትቶ ያልፋል። ከመስታወቱ ወዲያ ሕፃን ተኝቶ ከሆነ፣ መሣሪያውን የሠራው ሰው ሳይናገር የቀረው አንድ ቃል ሕይወት ያስከፍላል። መሣሪያው የማያየውን አስቀድሞ የተነገረው ሠራተኛ ግን በሩን ከፍቶ በእጁ ይዳስሳል።

ከእናንተ መካከል ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ባለሙያ የሚሆን አለ። ሐኪሟ መድኃኒቱ የማይፈውሰውን፣ መሐንዲሱ ድልድዩ የማይሸከመውን፣ የሒሳብ ባለሙያው መዝገቡ የማያሳየውን የመናገር ግዴታ አለባቸው። ዛሬ የምትቀበሉት የምስክር ወረቀት ሰው ቃላችሁን እንዲያምን ያደርጋል። የታመነ ሰው ደግሞ ዕዳው ከባድ ነው።

ለሄልሜቱ ሠሪዎች አንድ አደራ አለኝ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎች ምን ያህል ፈተና እንደነበር አገር አይቷል። ሱቅ ከሱቅ የተጣበቀበት፣ ዕቃ እስከ ጣሪያ የተከመረበት ገበያችን የራሱን መፍትሔ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ እሳት አደጋ ጣቢያ ሂዱ። ወፍራም ጓንት ያጠለቀ እጅ ቁልፋችሁን መጫን ይችል እንደሆነ፣ ማስክ ያደረገ ሰው ስክሪናችሁን ማንበብ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። የሙያ ባልደረቦቼንም እለምናለሁ፤ እነዚህ ልጆች ሲመጡ በራችሁን ክፈቱላቸው፤ የምታውቁትን አትንፈጓቸው።

ውድ ተመራቂዎች፣ የምትሠሩትን በድፍረት ሥሩ፤ ሥራችሁ የማይችለውንም በዚያው ድፍረት ተናገሩ። ዕውቀታችሁ ሰው የሚያድን ይሁን። ወላጆችና መምህራን፣ የድካማችሁን ፍሬ ለማየት በቅታችኋልና ደስታው የእናንተም ነው። ለሁላችሁም እንኳን ደስ አላችሁ!