ከእሳት በኋላ ሕዝብን ስለ መምራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው በሰደድ እሳት ስለ ጠፋች አንዲት ከተማና፥ ከጥፋቱ በኋላ ሕዝቧን ስለ መሩ ሰዎች ነው። ከተማዪቱ ያለችው በሩቅ አገር በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ግዛት ነው። ስሟ ፓራዳይዝ ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ ገነት ማለት ነው። በተራራ ትከሻ ላይ በረጃጅም ጥዶች መካከል የተሠራች ስለ ሆነች፥ ከሥራ የተሰናበቱ ብዙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የቀረውን ዕድሜያቸውን በጸጥታ ሊፈጽሙባት ይመርጧት ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ሲቈጠር ሕዝቧ 26,218 ነበረ።

ጥቅምት 29 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ እኛ በዚህ አገር የበዓለ እግዚአብሔርን ወርኃዊ መታሰቢያ በምናደርግበት ዕለት፥ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ከከተማዪቱ ማዶ ካለው ሸለቆ እሳት ተነሣ። ዝናም ከቀረ ብዙ ወራት ሆኖት ነበርና ሣሩም ቅጠሉም ደርቆ ነበር፤ ነፋሱም ብርቱ ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እሳቱ ከከተማዪቱ ደረሰ። በዚያ ቃጠሎ 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከ18,000 የሚበልጡ ቤቶችና ሕንጻዎችም አመድ ሆኑ።

እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ጊዜ፥ ይህ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ብለው ለመፍረድ የሚቸኵሉ ሰዎች አሉ። ከእኛ ከካህናቱም መካከል አይጠፉም። ስሟን ገነት ብላ ስለ ታበየች ነው የሚል ሰባኪም ምናልባት አይታጣ ይሆናል። ጌታችን ግን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች በተናገረ ጊዜ፥ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ለሰሚዎቹ አስታውቋል። የፓራዳይዝ እሳት ከምን እንደ ተነሣ ተመርምሮ ታውቋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሸከም አንድ የብረት ሜንጦ፥ ዕድሜው ወደ 100 ዓመት የተጠጋ፥ በልቶና ሳስቶ ሳለ የሚለውጠው ሰው አልተገኘም፤ በዚያ ማለዳ ተሰበረ፤ ሽቦውም ወድቆ ሣሩን አነደደው። መብራት የሚያከፋፍለው ኩባንያ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ቆሞ ስለ 84 ሰዎች ሞት ጥፋተኛ መሆኑን በአንደበቱ አመነ። የእጃችንን ስንፍና በአምላክ ቍጣ ማላከክ ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። በዚያ ቀን ሕዝቡን መጀመሪያ የመሩት ሹማምንት አልነበሩም። ከተማዪቱ አስቀድማ የመሸሻ ዕቅድ ነበራት፤ ሰፈሩን በየክፍሉ ከፍለው፥ በተራ በተራ እንዲወጣ ወስነው ነበር። እሳቱ ግን ተራ አልጠበቀም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጥቂቶቹ መንገዶች ወረደ፤ መኪናውም ተጨናንቆ ቆመ። በዚያ መካከል አንድ የተማሪ ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበረ፤ በሥራው ላይ ከዋለ ገና ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። 22 ሕፃናትና ሁለት መምህራን ይዞ በጭሱ ውስጥ አምስት ሰዓት ያህል ተጓዘ። ሕፃናቱ በጭስ ሊታፈኑ በሆነ ጊዜ የለበሰውን ሸሚዝ አውልቆ ቀደደው፤ በነበረችው ጥቂት ውሃ እያራሱ ለየአንዳንዱ ልጅ አፍና አፍንጫ አደሉት። ሁሉንም በሕይወት አወጣቸው። ይህን ሰው አለቃ ብሎ የሾመው አልነበረም፤ ነገር ግን ከመንበር ላይ ካሉት ብዙዎች ይልቅ አለቃ ሆኖ ተገኘ።

ከሞቱት የሚበዙት ግን ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ያለፈ፥ መኪና መንዳት ያቃታቸው፥ ከአልጋቸው ለመነሣት ደጋፊ የሚሹ። ማስጠንቀቂያው ጭራሽ ያልደረሳቸውም ብዙ ነበሩ። እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ የራሳችን ነገር ትዝ አለን፤ ለሰው ከምንነግረው ይልቅ ልንሸፍነው የምንወደው ቢሆንም እንነግራችኋለን።

በልጅነታችን ቅኔ እንማርበት በነበረው ደብር፥ በመጋቢት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፥ ማር ቈራጮች ሳያጠፉት የተዉት እሳት ወደ ቍጥቋጦው ገባና ነፋስ አንሥቶት ወደ ተማሪ ቤት መጣ። የቆሎ ተማሪ ጎጆ የሣር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ለእሳት አንድ ጉርሻም አይሆነው። ደበሎአችንና አኮፋዳችን ሁሉ ነደደ። የኔታም በገዛ እጃቸው የጻፉት የብራና መጽሐፍ ከጎጆአቸው ጋራ ተቃጠለ። እኛ ወደ ወንዙ ሸሽተን ነበርና ስንመለስ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ገና በሚጤሰው አመድ ላይ ቆመው አገኘናቸው። እሳቱን ማን አመጣው ብለው አልጠየቁም፤ ስለ መጽሐፋቸውም አላነሡም። ስማችንን አንድ በአንድ ይጠሩ ጀመር። አንዱ ሲጠራ ዝም ሆነ። ዓይነ ስውር የሆነ፥ በጆሮው ብቻ የሚማር ጓደኛችን ነበረ። ሁላችንም ሸሽተናል፤ እጁን የያዘው አንድ ሰው ግን ከመካከላችን አልነበረም። በኋላ አንዲት እረኛ ልጅ መርታው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ተገኘ። የኔታ ምንም አልተናገሩንም፤ ዝም ብለው አዩን። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከተለናል። ጎጆዎቹ እንደ ገና ሲሠሩ በፊት የተሠራው የዚያ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረ፤ በመጨረሻ የተሠራው የየኔታ ነበረ። እስከዚያው ድረስ ከእኛ ጋራ በደጀ ሰላሙ ያድሩ ነበር።

ከእሳት በኋላ ሕዝብን የሚመራ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ለማወቅ የሚወድ፥ መጽሐፈ ነህምያን ያንብብ። ነህምያ በንጉሥ አርጤክስስ ቤት ጠጅ አሳላፊ ነበረ፤ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን፥ በሮቿም በእሳት መቃጠላቸውን በሰማ ጊዜ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየ። ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላ ግን ሕዝቡን ሰብስቦ ወዲያው አልተናገረም። ሦስት ቀን ቈየና በሌሊት ተነሥቶ ከጥቂት ሰዎች ጋራ ፍርስራሹን ዞሮ አየ፤ የተቀመጠባት እንስሳ እንኳ የምታልፍበት ስፍራ አጣች። ያየውን ካየ በኋላ ነው ኑ እንሥራ ያለው። ለገዢ የተመደበለውንም ቀለብ 12 ዓመት ሙሉ አልበላም። ድሆቹ በወለድ በሚያበድሯቸው ወንድሞቻቸው ላይ በጮኹ ጊዜ ደግሞ ባለጠጎቹን በጉባኤ መካከል ገሠጻቸው። ይህች የመጨረሻዪቱ እጅግ ታስፈልጋለች፤ ከእሳት በኋላ የቤት ኪራይና የእህል ዋጋ የሚያስወድድ ሰው በየትም አገር አይጠፋምና።

የፓራዳይዝ ከንቲባ የነበሩት ወይዘሮ ጆዲ ጆንስ ቤታቸው ከሕዝቡ ቤት ጋራ ተቃጥሎባቸው ነበር። ያን ዓመት በእርሳቸውና በከተማው ምክር ቤት ላይ እጅግ የከበደ ነገር መጣ። ብዙ ሰው መጠጊያ አጥቶ ነበርና፥ በተቃጠለው ቦታው ላይ በመኪና የሚጐተት ቤት አቁሞ እንዲኖር ምክር ቤቱ ፈቅዶ ነበር። የአገሪቱ መንግሥት ግን እንዲህ አለ፤ አመዱ መርዝ አለበት፥ ስለዚህም በመንግሥት ገንዘብ እናነሣላችኋለን ብላችኋል፤ ሰው የሚኖርበት ከሆነ ግን ስለ ምን እንከፍላለን? ምክር ቤቱ በጥር 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ፈቃዱን ሻረ። ሕዝቡ አዘነ፥ ተቈጣም፤ ሁለተኛ ጊዜ ተባረርን ያሉ ነበሩ። ውሳኔው ትክክል ነበረን? እኛ ሩቅ ተቀምጠን መፍረድ ይከብደናል። ያለ ቤት የቀረች እናት ልቅሶዋ እውነት ነው፤ ሆኖም በአመድ ላይ ልጆቿን እንድታሳድግ መፍቀድ ርኅራኄ ይመስላል እንጂ ርኅራኄ አይደለም። አመዱና ፍርስራሹ እስከሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ድረስ ተጠርጎ ተነሣ፤ ክብደቱ ከ3 ሚልዮን ቶን በላይ ነበረ። የውሃው ቧንቧ እንኳ ከቃጠሎው የተነሣ ተመርዞ ስለ ነበር፥ ከየቤቱ እስኪጸዳ ድረስ ብዙ ወራት ፈጀ። የሚያስለቅስ እውነት ለሕዝብ መንገር ከአለቃ ሥራ ሁሉ የከበደ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሰሚውን ልብ ጥቂት የሚያሳርፈው ተናጋሪው ራሱ ቤቱ የተቃጠለበት መሆኑ ይመስለናል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው በ2011 ዓ.ም.፥ በመጋቢትና በሚያዝያ፥ ዋልያና ጭላዳ በሚኖሩበት በሰሜን ተራራዎች ሰደድ እሳት ተነሥቶ ጓሳውንና አስታውን በልቷል። የአገሩ ገበሬዎችና የፓርኩ ጠባቂዎች ቅጠል እየቈረጡ ሲመቱት ሰነበቱ፤ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች መጥተው ረድተዋል። እሳት ሲነሣ የሚሮጥ ሰው በአገራችን ሞልቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የዕድር ዳኞች፥ የሰበካ ጉባኤ አባላት፥ የቀበሌ ሽማግሌዎች፤ እንጠይቃችሁ። የመዋጮው መዝገብ በእጃችሁ አለ፤ ማን እንደ ከፈለ፥ ማን እንዳልከፈለ ታውቃላችሁ። በዚያው መዝገብ ላይ፥ በሰፈራችሁ ከአልጋ የማይነሡት እነማን እንደ ሆኑ፥ ዓይናቸው የማያይ፥ ጆሯቸው የማይሰማ እነማን እንደ ሆኑ ጽፋችኋልን? እሳት ቢነሣ እገሌ እትዬ እገሊትን ይዞ ይውጣ ብላችሁ ሰው መድባችኋልን? ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው። በዚህ ሳምንት እንድትጀምሩት በእግዚአብሔር ስም እንለምናችኋለን።

ፓራዳይዝም አልጠፋችም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ሕዝቧ ሲቈጠር 4,764 ሰው ብቻ ተገኝቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በየዓመቱ እየተመለሰ ቤት የሚሠራው ብዙ ሆኗል። በከተማዪቱ ውስጥ ከፍ ያሉ ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ በላያቸውም እሳት ሲመጣ ሩቅ ድረስ የሚጮኽ መሣሪያ አለ። ስልክ የሌላት፥ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት እንኳ ድምፁን በቤቷ ሆና እንድትሰማው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።