የስክሪን ክፍሎች እንዴት ይነጋገሩ?



እዚህ ጉዱማሌ የሚከበረውን የፊቼ ጨምበላላን ቀን፣ ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቶዎች ይወስናሉ፤ ከዚያም ለጎሳዎቹ ይታወጃል። አያንቶው ግን በየቤቱ እየዞረ ማን ምን እንደሚያበስል አያዝም።

በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ያሉ ክፍሎችም እንዲህ ቢነጋገሩ ይበጃል። ትሪግቬ ሬንስካውግ እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ሳለ መረጃውን ከማሳያው ለየ። በዚህ ሥርዓት መረጃው «ተለውጫለሁ» ሲል ማሳያዎቹ ራሳቸውን ያድሳሉ።

የገንዘብ ማስተላለፊያ ፕሮግራም ስንሠራ ግን ብዙዎቻችን ቁልፉ ሒሳቡን፣ ሒሳቡ ዝርዝሩን፣ ዝርዝሩ ደረሰኙን በቀጥታ እንዲያዝ እናደርጋለን። አንዱ ትእዛዝ ከተዘነጋ በአንድ ስክሪን ላይ ሁለት የማይጣጣሙ ቀሪ ሒሳቦች ይታያሉ፤ ነጋዴዋም «አልሄደም» ብላ ገንዘቡን ዳግመኛ ትልካለች።

እርግጥ አዋጅ ሲበዛ አዋጁን ማን እንዳወጣው መከታተል ያዳግታል። ስለዚህ የማወጅ ሥልጣን ለመረጃው ባለቤት ብቻ ይሰጥ፤ ቁልፉ ጥያቄ ያቅርብ እንጂ ለውጡን አያውጅ።