ሥራ ላይ ላለች ነርስ የኦንላይን ዲግሪ፤ ከመመዝገባችን በፊት የምንጠይቀው
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን አሜሪካ ስንገባ የጀመርነው አረጋውያንን በቤታቸው በመንከባከብ ነው። ከዚያ ሲኤንኤ ሆንን፤ ከዚያ እየሠራን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተን በሁለት ዓመቱ ዲግሪ አርኤን ሆንን። ኤንክሌክስን ያለፍንበትን ቀን ማንም አይረሳውም። የአራት ዓመት ዲግሪ ያላትም የተፈተነችው ያንኑ ፈተና ነው፤ ፈቃዱም አንድ ነው። ስለዚህ «ፈቃዱ በእጄ ነው፤ ቢኤስኤን ምን ይጨምርልኛል?» የሚለው ጥያቄ በየስብሰባችን ቢነሣ አያስገርምም።

የሚጨምረው የሚከፈተውን በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ኢንስቲትዩት ኦፍ ሜዲስን ባወጣው ሪፖርት እስከ 2020 ድረስ ከነርሶች 80 ከመቶው ቢኤስኤን እንዲኖራቸው መክሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆስፒታሎች የሚቀጥሩት ዲግሪውን የያዘችውን ወይም በጥቂት ዓመት ውስጥ እጨርሳለሁ ብላ የምትፈርመውን ነው። ኒውዮርክ በ2017 ሕግ አውጥታ አዲስ ፈቃድ የሚያወጡ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን እንዲይዙ አዝዛለች፤ ቀድሞ ፈቃድ የነበራቸውን ግን አይነካም። ማስተርስ ተምራ ነርስ ፕራክቲሽነር መሆን ለምታስብም የተለመደው መንገድ በዚሁ ያልፋል። ጡረታዋ ለቀረበና በሥራዋ ደስተኛ ለሆነች እህት ግን ተበድረሽ ተማሪ አንልም።

ለመማር የወሰነች እህት ስልኳን ስትከፍት የሚቀበላት ማስታወቂያ ነው። «በዘጠኝ ወር ጨርሺ» ይላል። ከፍጥነቱ በፊት ዕውቅናውን እንይ። ዩኒቨርሲቲው እንደ ተቋም ዕውቅና ሊኖረው ይገባል፤ የነርሲንግ ፕሮግራሙ ደግሞ ለብቻው፣ በአብዛኛው ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን ከሚባሉት አካላት ዕውቅና ሊኖረው ይገባል። ይህንንም ከትምህርት ቤቱ አፍ ሳይሆን ዕውቅና ሰጪው ራሱ ካወጣው ዝርዝር ላይ ነው የምናረጋግጠው። ነገሩ የዋዛ አይደለም። በጥር 2023 የፌዴራል መንግሥት በፍሎሪዳ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማ ተሽጧል ብሎ 25 ሰዎችን ከሷል። ዕውቅና በሌለው ትምህርት ቤት በሐቅ የተማረችም ብትሆን ማስተርስ ልግባ ስትል በሩ ሊዘጋባት ይችላል።

ገንዘባችን የሚፈሰው ግን ክሬዲት ላይ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይዘነው ከምንመጣው ውስጥ አዲሱ ትምህርት ቤት ምን ያህሉን ይቀበላል? ከአባሎቻችን አንዷ ያንኑ ትራንስክሪፕት ለሁለት ትምህርት ቤቶች ልካ ነበር። አንዱ 31 ክሬዲት ይቀርሻል አላት፣ ሌላው 52። የመጀመሪያው ለአንድ ክሬዲት 400 ዶላር፣ ሁለተኛው 300 ዶላር ነበር የሚያስከፍለው። በስልክ ዋጋ ብቻ ብትጠይቅ ኖሮ ሁለተኛውን ትመርጥ ነበር። ስታባዛው ግን 12,400 እና 15,600 ሆነ፤ «ርካሹ» በ3,200 ዶላር ተወደደ፣ ጊዜውም ረዘመ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት የክሬዲት ግምገማውን በጽሑፍ እንጠይቅ። መዝጋቢው በስልክ «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፍልሻል» ቢል፣ ያው በኢሜይል ይጻፍልን።

አገር ቤት የተማርን ደግሞ የያዝነውን አንጣል። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ያመጣነው ትራንስክሪፕት እንደ ደብልዩኢኤስ ባሉ ገምጋሚ ድርጅቶች በኩል ትምህርት በትምህርት ከተገመገመ፣ እንደ ስታቲስቲክስና ሶሺዮሎጂ ያሉትን የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ወረቀቱን ለማስላክ ዘመድ ሬጅስትራር ድረስ መመላለስ ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድመን እንጀምር። አንድ ነገር ግን እንወቅ፤ ከኢትዮጵያም ይሁን ከሌላ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት ሰው በመሠረቱ ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ አታገኝም። ፋፍሳ ላይ «ዲግሪ የለኝም» ብለሽ ሙዪ የሚል መካሪ ቢመጣ አትስሙት፤ ሐሰት መፈረም ነው። የፌዴራል የትምህርት ብድር ግን በዚህ ምክንያት አይከለከልም።

ከብድሩም በፊት አሠሪያችንን እንጠይቅ። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ነው። ብዙ ሆስፒታሎች ይከፍላሉ። በምላሹም ይህን ያህል ዓመት እዚህ ትሠሪያለሽ፣ ቀድመሽ ከለቀቅሽ ትመልሻለሽ የሚል ውል ሊያስፈርሙ ይችላሉ። ውሉን ሳያነቡ መፈረም የለም። እንደ ዌስተርን ገቨርነርስ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በክሬዲት ሳይሆን ለስድስት ወር አንድ ቁርጥ ዋጋ ነው የሚያስከፍሉት። መሮጥ ለምትችል እህት ትልቅ ቅናሽ ነው። ሕፃን ለያዘች ወይም ሁለት ሥራ ለምትሠራ ግን ስድስት ወሩ ሳታስበው ያልቅባታል።

ትምህርት ቤቱ በሌላ ስቴት ከሆነ፣ እኛ ከምንኖርበት ስቴት ተማሪ ይቀበል እንደሆነ እንጠይቅ። የማኅበረሰብ ጤና ትምህርቱ የተግባር ሰዓት ካለው፣ ቦታውን የሚፈልገው ማን ነው? አንዲት እህታችንን ትምህርት ቤቷ ተቆጣጣሪ ነርስ ራስሽ ፈልጊ ብሏት፣ ስታፈላልግ አንድ ሙሉ ሴሚስተር አልፎባታል።

ስለ ሳምንቱም እንነጋገር። ኦንላይን ማለት ክፍል አልሄድም ማለት ነው እንጂ ሥራ የለም ማለት አይደለም። በሳምንቱ አጋማሽ የውይይት መልስ ይጻፋል፤ እሑድ እኩለ ሌሊት ላይ ወረቀት ይገባል። ሦስት ሌሊት አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ለምትሠራ ሴት ይህ ቀላል አይደለም። ከታካሚና ከሐኪም ጋር በእንግሊዝኛ አሳምረን የምንግባባ እንኳ በኤፒኤ ደንብ ወረቀት ስንጽፍ እንቸገራለን፤ ስለዚህ የጽሑፍ እርዳታ የሚሰጥ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ይሻላል። በአንድ ጊዜ ስንት ትምህርት መውሰድ ግዴታ እንደሆነ፣ ወላጅ ቢታመምና አገር ቤት መሄድ ቢመጣ ያለ ቅጣት ማቋረጥ ይቻል እንደሆነም ይጠየቅ። ለባሎቻችንና ለልጆቻችንም እንንገራቸው። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠች እናት ሥራ የፈታች ስለሚመስላቸው «ቡና አይፈላም እንዴ?» ይላሉ።

በማኅበራችን በኩል የወሰንነው ይህ ነው። ደጋፊዎቻችን ከሰጡን ገንዘብ የተወሰነው ለትራንስክሪፕት ማስላኪያና ለግምገማ ክፍያ ይውላል። በዕቁባችንም የመመዝገቢያ ጊዜዋ የደረሰባት ተማሪ ዕጣ ሳይወጣ ቅድሚያ እንድትወስድ አባላቱ ተስማምተዋል። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢኤስኤናቸውን የጨረሱ እህቶቻችን እዚሁ ይቀመጣሉ። ትራንስክሪፕታችሁን፣ የአሠሪያችሁን የትምህርት ክፍያ ውልና ያሰባችኋቸውን የሁለት ወይም የሦስት ትምህርት ቤቶች ዋጋ ይዛችሁ ኑ፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።