በወለጋ አገር ስለ አረጋውያን ሕክምና የተነገረ ንግግር



በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ፥ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እርዳታ እንዲያደርግ ያዛል። ቃሉ በነቀምቴ ከተማ ለሚኖረውም፥ በቄለም ወይም በሆሮ ጉዱሩ ገጠር ለሚኖረውም አንድ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ አይደለም።

የሽማግሌ በሽታ እንደ ወባ በጥቂት ቀን መድኃኒት የሚለቅ አይደለም። ደም ብዛትና የስኳር በሽታ እስከ ዕድሜ ፍጻሜ የሚከተሉ ስለ ሆኑ፥ መድኃኒታቸው ሳይቋረጥ መወሰድን፥ ልካቸውም በየጊዜው መታየትን ይሻል። በሆስፒታሉ አጠገብ የሚኖር ሰው በቀጠሮው ቀን በእግሩ ሄዶ ይመለሳል። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣው ግን መኪና እስከሚያልፍበት ጎዳና ድረስ በበቅሎ ወይም በቃሬዛ፥ ከዚያም ወዲያ በኪራይ ነው፤ አንድ ጊዜ ይመጣል፥ ሁለተኛም ይመጣል፥ በሦስተኛው ይቀራል። ደም ብዛት ሕመም ሳያሰማ ቆይቶ ድንገት አካልን የሚያሽመደምድ ነውና፥ የቀረውም ሰው ድኛለሁ ብሎ ይቀመጣል።

በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፥ ከእነርሱም አንዱ በሆነው በኦሮሚያ፥ በ13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ ጤና መድን ተጀመረ። ቤተ ሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ሲታመም በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይታከማል፤ ማዋጣት ለማይችለው ድኃ መንግሥት ይከፍልለታል። መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን የቤተ ሰቡ መዋጮ የሚሸፍነው ባልን፥ ሚስትንና 18 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ነው፤ ከልጅዋ ቤት የተጠጋች እናት ተጨማሪ ተከፍሎላት ካልተመዘገበች ከደብተሩ ውጭ ትቀራለች። ይህን ያላወቀ አባወራ ደብተሩን ተቀብሎ በደስታ ይሄዳል። መነጽርም በመድኑ አይገኝም።

እዚህ ላይ እድር ይታሰባል። ሰው በሞተ ጊዜ እድርተኛው ድንኳን ተክሎ፥ ንፍሮ ቀቅሎ፥ ሦስት ቀን ሙሉ ያስተዛዝናል፤ ያው ሰው በሕይወቱ ሳለ ወደ ሐኪም የሚያደርሰው በቅሎ አጥቶ ነበር። ከእድሩ ገንዘብ ጥቂቱ ለሕሙማን ኪራይ ቢመደብ ሕጉ የሚፈርስ አይደለም፤ ሽማግሎች በአንድ ስብሰባ ሊወስኑት የሚችሉት ነው።

መምህሩም የቀጠሮውን ወረቀት አንብቦ ቀኑን በተማሪው ደብተር ያስጽፍ። የመድኑ ምዝገባ በሚታወጅበት ወራት ተማሪዎቹን፦ አያቶቻችሁ በደብተሩ ተጽፈዋልን? ብሎ ይጠይቅ፤ ያልተጻፉ ቢገኙ ምዝገባው ሳይዘጋ ለቀበሌውና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያስታውቅ።