ትንሹ ገበታና ትልቁ ሒሳብ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብና ከዕደ ጥበብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናቀርብ የተሰጠን ርዕስ ስለ አሻንጉሊት ቤት ነው። ርዕሱ ሲነበብ ከኋላ የሳቃችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። እኛም መጀመሪያ ስቀናል። «የበቆሎ ዋጋ እንዲህ በጨመረበት ጊዜ ትልልቅ ሴቶች ተሰብስበው ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ ወይ?» ያለችን አባልም አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱን መጨረሻ ላይ ከነሒሳቡ እናቀርባለን።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ለልጆች ማዋያችን ከባሮ ዳር ሸክላ ትንንሽ ድስትና እንስራ ሠርተን ነበር። ወደ ከተማችን የመጣች አንዲት እንግዳ ይህን አይታ፣ በመርከቡ ዘመን የነበረ የጋምቤላ ቤት የመመገቢያ ክፍል ከነዕቃው በትንሹ እንድንሠራላት አዘዘችን። በ6,000 ብር ተስማማን።

የመርከቡ ዘመን የምንለውን ለወጣት አባሎቻችን በአጭሩ እናስታውስ። በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተፈቀደ። ቦታው በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋት ከ400 ሔክታር እንዳይበልጥ ውሉ ይወስን ነበር። ጣቢያው እዚሁ ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የተነሱ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እስከዚህ ይመጡ ነበር። ከጎሬ በኩል ቡና ይወርዳል፣ በመርከቡ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይገባል። ውሃው ሲጎድል መርከቡም ይቀራል። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ወደ ሥራው እንግባ። የአሻንጉሊት ቤት ሠሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት መጠን አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። በእውነተኛው ቤት 12 ሳንቲ ሜትር የሆነው በትንሹ ቤት 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ ከ1921 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ ዛሬ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የሚጎበኘው የአሻንጉሊት ቤትም በዚሁ መጠን ነው። እኛም ሁሉን በሜትር ለክተን ለ12 አካፈልን። 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠረጴዛ 6 ሳንቲ ሜትር ከሩብ ሆነ። 24 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሳህን 2 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የቡና ስኒ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ደረሰ፤ በጣት የማይያዝ፣ በወረንጦ ብቻ የሚነሣ። አንድ ዕቃ ብቻ ልኩን ቢስት ክፍሉ በሙሉ ይበላሻል፤ ሳህኑ ትንሽ ከተለቀ ጠረጴዛው የሕፃን መጫወቻ ይመስላል።

ለወንበሩ የቪየና ወንበር የሚባለውን፣ ጀርባው ከታጠፈ እንጨት የሚሠራውን መረጥን። ይህ ወንበር በዘመኑ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነበር፤ ተፈታትቶ ስለሚጫን 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባ ነበር። ዕቃው በመርከብ ለሚመጣለት ቤት ይስማማል ብለን አሰብን። ለትንሹ ወንበር ቀርከሃ በቀጭኑ ሰንጥቀን፣ በፈላ ውሃ ዘፍዝፈን፣ በጠርሙስ አንገት ላይ አጥፈን አሰርነው። ሲደርቅ ቅርጹን ይዞ ይቀራል።

ሳህኑን ከሸክላ ሠራነው። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ስለሚያንስ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ለማግኘት በ2.2 መጀመር ያስፈልጋል። ይህን ሳናውቅ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ሳህኖች ጥለናል። ነጭ ቀለም ቀብተን በክብሪት እንጨት ጫፍ ዙሪያውን ሰማያዊ ስናደርገው የድሮውን የብረት ሳህን መሰለ። የጠረጴዛ ልብሱ አዲስ ጨርቅ ሲሆን እንደ ሰሌን ተገትሮ ይቆማል። ብዙ ጊዜ ታጥቦ የሳሳ መሐረብ በቀጭን የሩዝ ውሃ ነክረን፣ ጠረጴዛው ላይ እያለ እጥፋቱን በጣት አስይዘን አደረቅነው። ፋኖሱን ከጨሌና ከመዳብ ሽቦ ሠራነው።

ጥፋታችንንም እንናገር። ሥራውን የጀመርነው በሐምሌ ነው። በእርጥበቱ ማጣበቂያው አልደርቅ ብሎ የወንበሮቹ እግር በየቀኑ ይወልቅ ነበር። በኋላ በጥርስ መፈቅፈቂያ ስንጥር እያሰካካን ስንሠራ ጸና። አንድ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሥራውን መሬት ላይ ትተን ሄድን። ሰኞ ስንመጣ ምስጥ ወለሉን በልቶታል። አሁን የመደርደሪያው እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ቆመዋል።

ስድስት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ስድስት ሳህን፣ በመካከሉ ከባሮ የወጣ የሚመስል የሸክላ ዓሣ አቅርበን ጨረስን አልን። በዚያ ቀን የአንዲት አባላችን እናት ልጃቸውን ሊጠሩ መጥተው ነበር። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጆቼ፣ እጃችሁ ይባረክ። እናቴ እንዲህ ያለ ቤት ሳህን አጥባለች። ገበታውን ግን አንድም ቀን ተዘርግቶ አላየችውም። እሷ የምታውቀው ሲመለስ ነው» አሉን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን «የታዘዝነው የመመገቢያ ክፍል ነው፤ ሠርተን እንስጥ» አልን። አንዳንዶቻችን «የነጭ ገበታ ለምን እንሠራለን? አሻንጉሊት ቤት ከሆነ የኑዌር ዋልዋልና ወተት፣ የአኙዋ የበቆሎ ገንፎና ዓሣ፣ የደገኛው መሶብ የት ሄደ?» አልን። ከተማችን ሰላም ባጣችባቸው ቀናት አንዳችን ወደ አንዳችን ሰፈር መሄድ አቅቶን እንደነበር ታውቃላችሁ። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማን ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ለእኛ የአሻንጉሊት ጥያቄ አይደለም።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። የመመገቢያው ክፍል እንዳለ ይቀመጥ። ነገር ግን ከኋላው በር ይከፈት፤ ከበሩ ውጭ ጉልቻ፣ እንስራ፣ የድንጋይ ወፍጮ፣ ቅልና ዝቅተኛ ዱካ ይኑር። ሳህኑም ሰባት ይሁን። ሰባተኛው ከወፍጮው አጠገብ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ ስንጨምር ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቅንም። ያዘዘችው እንግዳ ስትረከብ መጀመሪያ የጠየቀችን «ወንበሩ ስድስት፣ ሳህኑ ለምን ሰባት ሆነ?» ብላ ነው። ነገርናት። ዝም ብላ ቆይታ፣ ሰባተኛው እንዳይጠፋ ለብቻው እንድንጠቀልልላት ለመነችን።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ባለፈው እትም «ከአሻንጉሊት ቤት ሽያጭ 3,500 ብር ትርፍ ተገኘ» ብለን ጽፈናል። ቁጥሩ የመጣው ከ6,000 ብር ላይ 1,850 የዕቃ መግዣ፣ 650 የማሸጊያና የማጓጓዣ ተቀንሶ ነው። ትርፉም ወደ ተዘዋዋሪ የብድር ፈንዳችን ገባ። ደረሰኙ ሁሉ አለ፤ መዝገቡም ተዘግቷል።

ግን ትርፍ አልነበረም። ዓመቱን ስንዘጋ አራቱ ሠራተኞቻችን የሠሩበትን ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ደመርን። 210 ሰዓት ሆነ። 3,500 ብር ለ210 ሰዓት ሲካፈል 16 ብር ከ67 ሳንቲም ይመጣል። ለስምንት ሰዓት ቀን 133 ብር ገደማ ነው። እሱም ቢሆን ለእነሱ አልተከፈለም። ትርፍ ብለን የጻፍነው የአራት እህቶቻችንን ያልተከፈለ ደመወዝ ነው። ሰባተኛውን ሳህን ያስቀመጥን ሴቶች በመዝገባችን ላይ ያንኑ ሠራን፤ ገበታውን ያዘጋጁትን በር ውጭ ተውናቸው። ስሕተቱ የሠራተኞቹ አይደለም፤ መዝገቡን የያዝነው የእኛ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ 3,500 ብሩ ከፈንዱ ወጥቶ ለአራቱ 875፣ 875 ብር ይከፈል። ይህ ማለት ብድር ተራዋ የደረሰ አንዲት አባል ትንሽ ትጠብቃለች ማለት ነው። ይህን ሳንሸፍን እንናገራለን፤ ድምፅ ስትሰጡ እሷንም አስቡ።

ሁለተኛ፣ በሥራ ጠረጴዛው አጠገብ የሰዓት ደብተር ይሰቀል። እያንዳንዷ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት ትጻፍ፤ መጻፍ ያልለመደች በመስመር ታስምር።

ሦስተኛ፣ ዋጋ ከመነገሩ በፊት ድካም ይቆጠር። አሁን ቅርጽ ማውጫው ስላለንና ምስጡንም ስለተማርን ሁለተኛው ቤት 150 ሰዓት ይበቃዋል ብለን እንገምታለን። በሰዓት 40 ብር ብንይዝ 6,000 ብር፤ ከዕቃና ከማጓጓዣ ጋር 8,500 ብር ይሆናል። ግማሹ በቅድሚያ ይከፈል።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው አንድ ነገር ነው። ሥራችንን ስትወዱልን ደስ ይለናል። «ለእርዳታ ነው» ብላችሁ ስትገዙን ግን ዋጋውን በድፍረት እንድንናገር እርዱን። ከስጦታው ይልቅ ትክክለኛው ዋጋ ይጠቅመናል።

ዕቃ ዕቃ ትጫወታላችሁ ወይ ላለችን እህታችን መልሳችን፦ አዎ፣ እስከ አሁን ተጫውተናል፤ ምክንያቱም ያልተከፈለበት ሥራ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ እንዲሆን ድምፃችሁን ስጡን። የሚቀጥለው ቤት ትእዛዝ ደርሶናል። በአንድ ጣሪያ ሥር መሶቡም፣ ቅሉም፣ የዓሣ ገበታውም እንዲኖር ተስማምተናል። ሳህኖቹን ከወዲሁ በ2.2 ሳንቲ ሜትር ጀምረናል።