የአክሲዮን ሒሳብና የምሥጢር ቁጥር
(በሙዱላ ከተማ በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድር ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበርና ስለ ንፍሮ እንጂ ስለ አክሲዮን ምን አገባው የሚል ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። አገባው እንላለን። ባስተዛዘንባቸው ቤቶች ለቅሶው ሳይበርድ «የሟች ስልክ የት ገባ? ቁጥሩን ማን ያውቃል?» እየተባለ ወንድምና ወንድም ሲኳረፍ በዓይናችን አይተናልና።

ቀድሞ አክሲዮን የገዛ ሰው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሰጠውና ከቤቱ ካርታ ጋር በሣጥን ይቆልፍበት ነበር። ቁልፉ ካንገቱ ክር አይለይም። በጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር ግን ሽያጩ በቴሌብር፣ በእጅ ስልክ ሆነ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ መግዣ 33 አክሲዮን፣ ይኸውም 9,900 ብር ነበር። ሽያጩ ታኅሣሥ 25 ያበቃል ተብሎ እስከ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ተራዘመ፤ ከ47,000 የሚበልጡ ሰዎችም 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዙ። በዚያው ዓመት ጥር 2 ቀን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። እንግዲህ ሣጥኑ ስልክ ሆነ፣ ቁልፉም የምሥጢር ቁጥር ሆነ ማለት ነው።

9,900 ብር ለከተማ ነጋዴ ምንም ላይሆን ይችላል። ለኛ ግን የዝንጅብል ዋጋ ነው፤ ወይም ደቡብ አፍሪቃ የሄደው ልጅ ሱቅ ውስጥ እያደረ፣ ነፍሱን አስይዞ የላከው ነው። በዚህ ገንዘብ መቀለድ አይገባም።

አንዲት እናት የደረሰባቸውን እንንገራችሁ፤ ስማቸውን አንጠራም። ልጃቸው አክሲዮን ግዢበት ብሎ የላከው ገንዘብ በስልክ ሒሳባቸው ተቀምጧል። አንድ ቀን አንድ ሰው ደወለ። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ከአክሲዮን ክፍል ነው። የትርፍ ድርሻ ደርሶዎታል፤ አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት አኃዝ ይገባል፣ እሱን ብቻ ያንብቡልኝ» አላቸው። ንግግሩ ትሑት፣ ስማቸውንም በትክክል የሚጠራ ነበር። አነበቡለት። እኚያ ስድስት አኃዞች የትርፍ አልነበሩም፤ ሌባው በራሱ ስልክ የሳቸውን ሒሳብ ሊከፍት ሲሞክር ባለቤቷ ፈቅዳ እንደሆነ ለማረጋገጥ የተላኩ ናቸው። ሴትዮዋ በሩን በገዛ እጃቸው ከፈቱለት። ገንዘቡ በደቂቃ ውስጥ አልቆ ቀረ።

ኮድ የሚባለው ይህ ቁጥር ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል ነው። እርስዎ ራስዎ ለመግባት ሳይሞክሩ ከመጣ፣ ሌላ ሰው በርዎን እየነካካ ነው ማለት ነው። ባንክ ይሁን፣ ቴሌ ይሁን፣ የአክሲዮን መሥሪያ ቤት ይሁን፣ ይህን ቁጥር በስልክ አንብቡልኝ ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው፤ ጨዋነቱ አያታልላችሁ። ስልኩን ዝጉና፣ ጉዳይ ካለ ራሳችሁ ወደሚታወቀው ቁጥር ደውሉ ወይም ቅርንጫፍ ሂዱ።

በቴሌግራምና በአጭር መልእክት የሚመጣ «እዚህ ተጫንና ግባ» የሚል ነገርም አለ። ሲነኩት የባንኩን መልክ የመሰለ ገጽ ይከፈታል፤ ቀለሙም ምልክቱም ያው ነው፤ የጻፋችሁት የምሥጢር ቁጥር ግን የሚሄደው ወደ ሌባው ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መተግበሪያውን ራሱን በቴሌግራም ልከው ጫኑት የሚሉት ነው። መተግበሪያ ከስልኩ ከራሱ መደብር፣ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር፣ ይወርዳል። ተራ ስልክ ያለው ሰው *127# ብሎ ራሱ መምታት ይችላል፤ ያኔ ማንም መሐል አይገባም። «ብርህን በወር እጥፍ እናደርጋለን» ለሚሉትማ ብዙ አንደክምም። በአክሲዮን ገበያ ለሚሠሩ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ አለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ አብዛኛው እዚያው ይጠፋል።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጉድ እናንሣ። ስንቶቻችን ነን የምሥጢር ቁጥራችንን የተወለድንበትን ዓመት ያደረግን? ስንቶቻችን ነን ስልኩን ለሚሞላልን ልጅ «አንተው አውጣልኝ» ብለን የተውን? ልጁ መልካም ልጅ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ለሱም ሲባል ቁጥሩን አታሳውቁት። ፊደል ያልቆጠሩ አባቶችም ቢሆኑ አራት ወይም ስድስት አኃዝ አያቅታቸውም፤ ስንት ከብት በየማን ቤት እንዳለ በቃላቸው የሚይዙ ሰዎች ናቸው።

ስልክ ሲጠፋስ? መጀመሪያ ሲም ካርዱን ማዘጋት፣ ከዚያ ለባንኩ መንገር ነው፤ ነገ ዛሬ አይባልም። አክሲዮኑ ግን ስልኩ ውስጥ የለም፤ በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ በስማችሁ የሰፈረ ነው። ስልኩ ወንዝ ቢገባ አክሲዮኑ አብሮ አይሰምጥም።

ወደ ዕድራችን ጉዳይ እንመለስ። የምሥጢር ቁጥር ለማንም አይነገር ካልን፣ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ምን ያድርግ? በየቤቱ ጠብ የሚያነሣው ይኸው ነው። የሟችን ቁጥር የሚያውቅ ልጅ ቀብር ሳይፈጸም ገንዘቡን ያወጣል፤ «ለቀብር ወጪ ነው» ይላል፤ እውነቱንም ይሆናል፤ ወንድሞቹ ግን አያምኑትም። ሕጋዊው መንገድ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥቶ ወደ ባንኩና ወደ አክሲዮን ማኅበሩ መሄድ ነው። ለዚህ የሟች የምሥጢር ቁጥር ፈጽሞ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሒሳቡ መኖሩን ማወቅ ነው። በየት ባንክ፣ በየትኛው ማኅበር፣ በየትኛው ስልክ ቁጥር እንደሆነ ሚስት ወይም ባል ይወቅ፤ ቁጥሩ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቅር።

ስለዚህ የዕድራችን የሥራ አመራር ለዘንድሮ የአባላት ቅጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሯል፤ «አክሲዮን ወይም የስልክ ሒሳብ አለኝ፤ ያለበት ድርጅት ይህ ነው» የሚል። የገንዘቡ ልክ አይጠየቅም፤ የምሥጢር ቁጥር የጻፈ ሰው ቢኖር ቅጹ ተቀዶ ይመለስለታል። ቅጹ ታሽጎ በዕድሩ ሣጥን ይቀመጣል፤ የሚከፈተውም አባሉ ሲያርፍ በሦስት ሽማግሌዎችና በቤተሰቡ ፊት ነው። ቅጹ ከጸሐፊው ዘንድ ይገኛል፤ መጻፍ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ልጃቸውን ይዘው ይምጡ፤ ስልካቸውን ግን ለልጁ አይስጡ።