ስለ ጎማ
የሥራ ገጠመኝሽን ተናገሪ ተብዬ ስለ ጎማ ሳወራ አትሳቁብኝ። ጋምቤላ፣ ዲማ ስሠራ ሪፈር የምንጽፍላትን ወላድ ወደ ሚዛን የምናደርሰው ባንድ ያረጀ ላንድክሩዘር ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው አላላውስ አለን። ሾፌራችን ከወታደር መኪና የወጣ 9.00-16 ጎማ አገኙ። “ዶክተር፣ በዚህ እናልፋለን” አሉኝ፤ ፈረምኩ።

የድሮው 7.50-16 ቁመቱ 80 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ይሄኛው 88። 8 ሳንቲሜትር ከፍ አልን ብለን ፈነደቅን፤ ለካ መኪናው ከመሬት የሚነሳው የዚያን ግማሽ፣ 4 ብቻ ኖሯል! የፍጥነት ቆጣሪው 40 ሲል የምንሄደው 44 ነው። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ፍሬን።

አንድ ማታ ምጥ የጠናባትን እናት ይዘን ቁልቁለት ላይ መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ባሌስትራውን ነክሶ አልዞር አለ። ፍሬኑም አልያዘም፤ ቦይ ውስጥ ገባን። ሰው ተጠርቶ እስክንወጣ ሊነጋ ደረሰ። እናትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑን አጣነው። በመዘግየታችን ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። መድኃኒት ስጨምር ኩላሊቱን፣ ጉበቱን የምጠይቅ ሰው ጎማው ሲጨመር ስለ ፍሬኑ አንድ ቃል አልጠየቅሁም።

ሾፌሩ በማግስቱ የድሮውን ጎማ መለሱ። ለጭቃው ካቴና አሰርን፤ ክረምቱን በዚያ ጨረስን።